ስልኩ «ደኅና ነዎት» ሲል፦ የጤና መተግበሪያዎችን ማን ይመረምራቸዋል?

ፍኖተ ሰላም፦ በርበሬውን ጭኖ ማንኩሳ ገበያ የሚወጣ አርሶ አደር ሚዛኑን ሳያይ ከረጢቱን አያወርድም። ሚዛኑ ከተዛባ የዓመት ልፋቱ ዓይኑ እያየ እንደሚጎድል ያውቃልና። ስለዚህም የሚዛን ትክክለኛነት ለገዥና ለሻጭ ስምምነት ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም፤ የሚመረምረው አካል ሊኖር የግድ ነው። ዛሬ ግን በብዙዎች ኪስ ውስጥ ሌላ ዓይነት ሚዛን ገብቷል። የልብ ምት እቆጥራለሁ፣ የደም ግፊት እለካለሁ፣ የሕመምዎን ዓይነት እነግርዎታለሁ የሚል የስልክ መተግበሪያ ነው። ይህንን ሚዛን ማን መረመረው?

ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ዘመናዊ ስልክ የያዘ ሰው እንዲህ ያለውን መተግበሪያ ያለ ክፍያ ሊያወርድ ይችላል። ከአዲስ አበባ ወይም ከዓረብ አገር ዘመድ በላከው ስልክ ላይ ተጭኖ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። መተግበሪያው ከየት መጣ፣ ማን ሠራው፣ ሐኪም አይቶታል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። አገሮች ደግሞ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ የተለያየ ነው። አንዳንዱ መልስ ለእኛም ይጠቅማል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከስሕተቱ የምንማርበት ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት ከአንድ አሜሪካዊ መተግበሪያ ታሪክ መነሣት ይበጃል። «ኢንስታንት ብለድ ፕሬዠር» ይባል ነበር፤ ፈጣን የደም ግፊት መለኪያ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 አጋማሽ እስከ 2015 አጋማሽ ድረስ ከአምስት ዶላር ባነሰ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ተጠቃሚው ስልኩን ደረቱ ላይ ያስደግፋል፤ ጣቱን በካሜራው ላይ ያኖራል፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለት ቁጥሮች ይመጡለታል። በክንድ ላይ የሚታሰር ነገር የለም። ከመቶ ሺህ በላይ ጊዜ ተሸጧል። ከገበያ ከወጣ በኋላ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ85 ሰዎች ላይ ያደረጉትን ፍተሻ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ አደረጉ። የደም ግፊታቸው ከፍተኛ ከነበረው ሰዎች መካከል ከአምስቱ ወደ አራት ለሚጠጉት መተግበሪያው ግፊታቸው ከፍ ያላለ እንደሆነ ይነግራቸው ነበር።

ይህ ለምን ሆነ? የስልክ ካሜራ የልብን ምት በተወሰነ ደረጃ ሊቆጥር ይችላል። ልብ በመታ ቁጥር ወደ ጣት ጫፍ የሚደርሰው ደም መጠን ስለሚለዋወጥ፣ በቆዳው ውስጥ የሚያልፈው ብርሃንም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ካሜራው ያንን ይቆጥራል። የደም ግፊት ግን ሌላ ነገር ነው። ደም የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። በጤና ጣቢያ በክንዳችን ላይ የሚታሰረው ጨርቅ በአየር ተነፍቶ ክንዱን የሚጨምቀው፣ የደሙን ፍሰት ለአፍታ አስቁሞ ቀስ በቀስ ሲለቀው በየትኛው ኃይል ላይ ደሙ መንገዱን እንደሚከፍት ለማወቅ ነው። ካሜራ የሚጨምቀው ነገር የለም።

ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከፋ ነበር። ከፍተኛ የደም ግፊት በአብዛኛው ሕመም አይሰማም። ሰውየው እርሻውን ያርሳል፣ ሱቁን ይከፍታል፣ ደኅና ነኝ ይላል። ችግሩ የሚታወቀው አንድም በትክክለኛ መለኪያ ነው፣ አንድም ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ካለው በኋላ ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ መዋጥ የሰለቸው ሰው ስልኩ «ደኅና ነዎት» ካለው መድኃኒቱን ለማቆም ሌላ ምክንያት አይሻም። አንድ የተሳሳተ መለኪያ ጤነኛውን ሲያስደነግጥ ሰውየው ወደ ሐኪም ይሄድና ስሕተቱ ይታረማል፤ ታማሚውን ሲያጽናና ግን የሚያርመው የለም። በዚህ ጸሐፊ እምነት የቁጥጥሩ ጉዳይ ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

በአሜሪካ በመተግበሪያው አምራች ላይ እርምጃ የወሰደው የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ሳይሆን የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ነበር። ክሱ ሐሰተኛ ማስታወቂያ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ላይ አምራቹ ያለ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንዲህ ያለ ቃል እንዳይገባ ታገደ፤ ወደ 600 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብም ተፈረደበት። ገንዘቡን ለመክፈል አቅም እንደሌለው በመታየቱ ግን ክፍያው እንዲቆም ተደርጓል። ሕጉ የደረሰው መተግበሪያው ተሸጦ፣ ሰዎች አምነውት፣ ከገበያም ከወጣ በኋላ ነው ማለት ነው።

መስመሩ የተሰመረው የት ላይ ነው?

በመተግበሪያ ገበያዎች ላይ ጤናን የሚመለከቱ ሥራዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ሁሉንም እንደ መድኃኒት መርምሮ መፍቀድ ለሀብታም አገርም አይቻልም። ስለዚህ ተቆጣጣሪዎች የሚጀምሩት በማበጠር ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ነገሩን በሦስት ለየው። እርምጃ የሚቆጥር፣ ውኃ ጠጡ ብሎ የሚያስታውስ፣ ስለ አመጋገብ የሚመክር መተግበሪያ ከቁጥጥር ውጭ ነው። ስልኩን ወደ ሕክምና መሣሪያነት የሚቀይር፣ ለምሳሌ የልብን ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያነብ ወይም የኢንሱሊን መጠን የሚያሰላ ከሆነ እንደማንኛውም መሣሪያ ይመረመራል። በመካከል ያለው ደግሞ ተቆጣጣሪው «ሥልጣኑ አለኝ፤ አደጋው ዝቅተኛ ስለሆነ ግን አልጠይቅም» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ የወጣ ሕግ የመጀመሪያውን ክፍል፣ ማለትም ለአጠቃላይ ጤንነት ብቻ የሚያገለግለውን፣ ከሕክምና መሣሪያ ትርጉም በግልጽ አወጣው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሕጉ የሚጠይቀው «መተግበሪያው ምን አደርጋለሁ ብሎ ቃል ገባ?» የሚለውን መሆኑ ነው። ያው ካሜራ፣ ያው ስልክ፣ ያው ቁጥር ሆኖ «የልብ ምትዎን ለስፖርት ይቁጠሩ» ሲል ነጻ ነው፤ «የልብ ሕመም እንዳለብዎ እነግርዎታለሁ» ሲል ግን ሐኪም ለመሆን ጠይቋልና ይመረመራል። አካሄዱ ብልህ ነው፤ ቀዳዳ ግን አለው። አንዳንድ አምራቾች በፊት ለፊት «የደም ግፊት» ብለው በትልቁ ይጽፉና በግርጌ በደቃቅ ፊደል «ለመዝናኛ ብቻ» ይላሉ። ደቃቁ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። የማንኩሳ አንባቢ ትልቁን ቁጥር ያያል እንጂ ደቃቁን አያነብም።

የአውሮፓ ኅብረት ጠበቅ ያለ መንገድ መርጧል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውና ከግንቦት ወር 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሕክምና መሣሪያዎች ደንብ፣ ለሕክምና ወይም ለምርመራ ውሳኔ የሚውል መረጃ የሚሰጥን ሶፍትዌር ሁሉ ቢያንስ በመካከለኛ የአደጋ ደረጃ ላይ ያስቀምጠዋል። ይህም ማለት አምራቹ ራሱ «ጥሩ ነው» ብሎ መፈረም አይበቃውም፤ ገለልተኛ መርማሪ ድርጅት ሰነዱን ማየት አለበት። ውሳኔው ሞትን ወይም የማይመለስ ጉዳትን ሊያስከትል የሚችል ከሆነ ደረጃው ወደ ከፍተኛው ይወጣል።

ያም ሆኖ ፈቃድ ማለት አይሳሳትም ማለት አይደለም። የስዊድኑ «ናቹራል ሳይክልስ» ሴቶች የማለዳ የሰውነት ሙቀታቸውንና የወር አበባቸውን ቀን እያስገቡ እርግዝና ሊፈጠር የሚችልባቸውን ቀናት የሚያውቁበት መተግበሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአውሮፓ፣ በ2018 ደግሞ በአሜሪካ ለወሊድ መከላከያነት ተፈቀደ። በመካከሉ በስቶክሆልም የሚገኝ አንድ ሆስፒታል በአራት ወራት ውስጥ ፅንስ ለማቋረጥ ከመጡ 668 ሴቶች መካከል 37ቱ ይህንኑ መተግበሪያ ሲጠቀሙ የነበሩ መሆናቸውን አስታወቀ። ነገሩ ብዙ አነጋገረ። የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መርምሮ የደረሰበት መደምደሚያ ግን ያልታሰበው እርግዝና ቁጥር አምራቹ አስቀድሞ ከገለጸው የመክሸፍ መጠን ያልበለጠ መሆኑን ነው። በዚያው ዓመት የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ በበኩሉ «እጅግ ትክክለኛ» የሚለውን የመተግበሪያውን ማስታወቂያ አሳሳች ነው ብሎ አገደው። ሁለቱ ውሳኔዎች አይቃረኑም። ማንኛውም መከላከያ ይከሽፋል፤ ስንት ጊዜ እንደሚከሽፍ ለተጠቃሚዋ በሚገባት ቋንቋ መናገር ግን ግዴታ ነው።

በሚገባት ቋንቋ ስንል ቋንቋ ብቻ አይደለም። እነዚህ መተግበሪያዎች የሚቆጥሩት በአውሮፓውያን ዘመን አቆጣጠር ነው። እናት የመጨረሻ የወር አበባዋን «በአምስት፣ ጥር» ብላ ብታስገባና መተግበሪያው ጃንዩወሪ አምስት ብሎ ቢወስደው ቀኑ ከሳምንት በላይ ይዛነፋል፤ ጷጉሜን መካከል ስትገባ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። የመውለጃ ቀንና የክትባት ቀን የሚሰላው በዚህ ነው። በየትኛውም አገር ተቆጣጣሪ የተፈቀደ መተግበሪያ ይህንን አይፈታልንም።

ማስረጃ አምጣ፣ አለዚያ ውጣ

ጀርመን ከሁሉም የተለየ ነገር ሞከረች። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ በወጣ ሕግ ሐኪም መተግበሪያን እንደ መድኃኒት በማዘዣ ወረቀት እንዲያዝ፣ የጤና መድኑም ዋጋውን እንዲከፍል ፈቀደች። የመጀመሪያዎቹ መተግበሪያዎች በመዝገቡ ላይ የሰፈሩት በ2020 መጸው ሲሆን፣ አንዱ ለጆሮ ጩኸት፣ ሌላው ለጭንቀት ሕመም የተዘጋጁ ነበሩ። አምራቹ ደኅንነቱንና የመረጃ ጥበቃውን አረጋግጦ ካመለከተ ተቆጣጣሪው በሦስት ወር ውስጥ ይወስናል። ጥቅሙን ገና ያላረጋገጠ መተግበሪያ ለአንድ ዓመት በሙከራ ይመዘገባል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በታማሚዎች ላይ ለውጥ ማምጣቱን በጥናት ማሳየት አለበት። ማሳየት ያልቻሉ መተግበሪያዎች ከመዝገቡ ተሰርዘዋል።

ምርጥ ዘር ለሚገዛ አርሶ አደር ይህ እንግዳ አሠራር አይደለም። አዲስ ዝርያ በሙከራ ማሳ ላይ ሳይታይ ለገበሬ አይከፋፈልም። ሆኖም የጀርመኑ መንገድ ውድ ነው፤ በሙከራ ዓመቱም ቢሆን መድኑ ሙሉ ዋጋ ስለሚከፍል በአገሪቱ ውስጥ ትችት አላጣውም። የእኛ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ገና መድኃኒት በጤና ጣቢያው እንዳይጠፋ በሚታገልበት ጊዜ ለመተግበሪያ ይክፈል ማለት ቅንጦት ይሆናል። የሚወሰደው ትምህርት ማስረጃው ቀን ተቆርጦለት መጠየቁ ነው።

ብሪታንያ ደግሞ ማኅተም መምታት ብቻውን የማይበቃ መሆኑን በራሷ ላይ አየች። ብሔራዊ የጤና አገልግሎቷ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመረመሩና የታመኑ መተግበሪያዎችን ዝርዝር ከፈተ። የኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከዝርዝሩ 79ኙን ወስደው ሲፈትሹ የተጠቃሚውን ማንነት የሚገልጽ መረጃ ያለ ምሥጢር ቁልፍ በኢንተርኔት የሚልኩ ብዙዎችን አገኙ። ዝርዝሩ በ2015 ተዘጋ። መተግበሪያ እንደ ሚዛን ድንጋይ አይደለም፤ ዛሬ የተመረመረው በሚቀጥለው ወር ተለውጦ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ሩዋንዳ፦ በተራ ስልክ የመጣ ሐኪም

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን ከአፍሪካ ነው። በሩዋንዳ «ባቢል» የተባለ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ጀመረ። ዘመናዊ ስልክ አያስፈልገውም። ታማሚው ከማንኛውም ተራ ስልክ አጭር ቁጥር ይደውላል፤ ይመዘገባል፤ ነርስ መልሳ ትደውልለታለች፤ ካስፈለገ ሐኪም ያነጋግረዋል። መድኃኒት ወይም ምርመራ ከታዘዘለት በአጭር መልእክት የምሥጢር ቁጥር ይደርሰውና እሱን ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። አገልግሎቱ በኋላ ከአገሪቱ የማኅበረሰብ ጤና መድን ጋር ተሣሠረ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመዝግበውበታል። ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ለመጠየቅ ወደ 8028 የሚደውል የጎጃም አርሶ አደር አሠራሩ ወዲያው ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 መንግሥትና ኩባንያው የአሥር ዓመት ስምምነት ተፈራረሙ። ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ እንኳ ሳይሞላ በ2023 አገልግሎቱ ተቋረጠ። የተቋረጠው በሩዋንዳ በተፈጠረ ጥፋት ሳይሆን እናት ኩባንያው፣ በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ከአራት ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቶ የነበረው «ባቢሎን»፣ በገንዘብ እጦት በመውደቁ ነው። ኪጋሊ አጠገብ ላለች ታማሚ እናት ሎንዶን ላይ የሚፈርስ ድርጅት ምኗ ነው? ሐኪሟ ግን በዚያ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

የአብዛኞቹ አገሮች ሕግ የሚያተኩረው መተግበሪያው ወደ ገበያ ሲገባ ነው፤ ሲወጣ ምን ይሆናል የሚለውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የታማሚው መዝገብ ለማን ይተላለፋል? የተጀመረው ሕክምና የት ይቀጥላል? ከውጭ ድርጅት ጋር የጤና ስምምነት የሚፈራረም ማንኛውም ቢሮ አስቀድሞ ሊያስፈርም የሚገባው አንቀጽ ይህ ነው።

ጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ዲጂታል ጤና ራሱን የቻለ ሕግ አውጥታ ዘርፉን የሚመራ ተቋም አቋቁማለች። ሕንድ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ መግቢያ ላይ ስለ ርቀት ሕክምና ባወጣችው መመሪያ፣ በስልክ የሚያክም ሐኪም ማንነቱንና የምዝገባ ቁጥሩን እንዲያሳውቅ፣ ሱስ አስያዥ መድኃኒቶችን ደግሞ በዚህ መንገድ ፈጽሞ እንዳያዝ ደንግጋለች። ቻይና ከ2018 ጀምሮ የምትከተለው ደንብ ይበልጥ ቀላል ነው፦ የመጀመሪያው ምርመራ በአካል ይሁን፤ ክትትሉ በኢንተርኔት ሊሆን ይችላል። ይህ የመጨረሻው ለገጠር ኑሯችን የሚስማማ ይመስላል። የታወቀ ታማሚ ለክትትል ብቻ ከገጠር ቀበሌ ፍኖተ ሰላም ድረስ እንዳይመላለስ ያደርጋል፤ ያልታየን ሰው ግን በስልክ አያክምም።

ስልክ የሌለው ሰውም መዝገብ አለው

«እኔ ዘመናዊ ስልክ የለኝም፤ ይህ ነገር አይመለከተኝም» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ይመለከተዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ባለሙያዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ሁኔታ በቤተሰብ ማኅደር ሲመዘግቡ ቆይተዋል። ማን ነፍሰ ጡር ናት፣ የትኛው ሕፃን አልተከተበም፣ ማን የቤተሰብ ዕቅድ ትጠቀማለች፣ መጸዳጃ ቤት አለ ወይ የሚለው ሁሉ በወረቀት ይሰፍር ነበር። ጤና ሚኒስቴር ይህንን ማኅደር በየደረጃው ወደ ኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ማዛወር ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ባለሙያዋ የያዘችው ታብሌት ላይ ያለው መተግበሪያ ነው እንግዲህ ለአብዛኛው የገጠር ቤተሰብ የመጀመሪያው የዲጂታል ጤና መተግበሪያ። ኔትዎርክ በሌለበት ይመዘግባል፤ ኔትዎርክ ሲያገኝ ይልካል። በክልላችን የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የክትባት ቀኗ ያለፈባት ሕፃን ቶሎ ትታወቃለች። ነገር ግን በቁልፍ መደርደሪያ ውስጥ የነበረ ምሥጢር ወደ ታብሌት ሲገባ ጥበቃውም መለወጥ አለበት። የጤና መረጃ ሲያፈተልክ ምን እንደሚሆን ሌላው ዓለም አይቶታል። በአሜሪካ «ጉድአርኤክስ» የተባለ የመድኃኒት ዋጋ አነጻጻሪ ተቋም ሰዎች ምን መድኃኒት እንደፈለጉ የሚያሳይ መረጃ ለማስታወቂያ ድርጅቶች አሳልፏል በሚል እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ተቀጥቷል። የሆስፒታልን ምሥጢር የሚጠብቀው የአገሪቱ ሕግ የወጣው በ1996 ነበርና ከሆስፒታል ውጭ ያሉ መተግበሪያዎችን በአብዛኛው አይደርስባቸውም፤ ንግድ ኮሚሽኑ ነው ዳግም ክፍተቱን የሞላው።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ በ2016 ዓ.ም አንድ ትልቅ እርምጃ ወስዳለች። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መካከል መድቦታል። አዋጁ ሰው ስለ እርሱ ምን እንደተመዘገበ የማወቅ፣ የተሳሳተውን የማሳረም መብት ይሰጠዋል፤ መረጃው ወደ ውጭ አገር ሲተላለፍ መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎችም ይደነግጋል። አፈጻጸሙን እንዲቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መብቱ በአዋጅ መኖሩ አንድ ነገር ሲሆን፣ በቀበሌ ደረጃ «ስለ እኔ የጻፋችሁትን አሳዩኝ» የሚል ሰው መኖሩ ግን ሌላ ነው። ማኅደሩ ሲሞላ ለምን እንደሚጠየቅና ማን እንደሚያየው ለቤተሰቡ በአማርኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር መንገር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

በመሣሪያው በኩል ደግሞ የሕክምና መሣሪያዎችን የመመዝገብና የመቆጣጠር ሥልጣን፣ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት፣ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ በወደብ በኩል፣ በአስመጪ ስም፣ በሰነድ ይገባል፤ ስለዚህ ሊጠየቅለት የሚችል ሰው አለ። መተግበሪያ ግን በወደብ አይገባም። አስመጪ የለውም፣ መጋዘን የለውም፣ አምራቹም በአገር ውስጥ ቢሮ የለውም። ሌሊት አንድ ወጣት ፍኖተ ሰላም ላይ ተቀምጦ ያወርደዋል፤ ጠዋት የአያቱን የደም ግፊት «ይለካበታል»። ችግሩ የሕግ ብቻ ሳይሆን የመንገድ ነው።

ሁሉንም ለመቆጣጠር መሞከር ደግሞ አንዱንም ወደ አለመቆጣጠር ያደርሳል። የሌሎቹን ልምድ ላየ ሰው መጀመሪያ መያዝ ያለባቸው ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ እለካለሁ የሚለውና መድኃኒት ይህን ያህል ውሰድ የሚለው። የእርምጃ ቆጣሪው መቆየት ይችላል።

ወባን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1 ሺህ 157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቆ ነበር፤ ክልላችንም ጫናው ከበረታባቸው አንዱ ነው። ምልክት ጠይቆ የበሽታ ስም የሚናገር መተግበሪያ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት ሲነገረው ጉንፋንም፣ ታይፎይድም፣ ወባም ሊል ይችላል። በአገራችን ደግሞ ሁለት ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች አሉ፤ የሚታከሙትም በተለያየ መንገድ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከጣት በምትወሰድ የደም ጠብታ ብቻ ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ካልታከመ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ከባድ ሕመምና ሞት ሊያደርስ ይችላል። ስልኩ «ጉንፋን ሊሆን ይችላል፤ ፈሳሽ ይጠጡ» ብሎ ያቆየው አንድ ሌሊት ያ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ፈጣኑ የደም ምርመራ ደግሞ በጤና ኬላ የሚሠራ ነው።

በስልክ የሚመክር ሐኪምን በተመለከተ ደንቡ በሆስፒታል ካለው የተለየ አይደለም። የሙያ ፈቃድ የሌለው ሰው በአካል ማከም እንደማይችል ሁሉ በስልክም፣ በቴሌግራምም፣ በቲክቶክም ማከም አይችልም። ስሙን፣ የሚሠራበትን ተቋምና የሙያ ፈቃዱን መጠየቅ ነውር አይደለም። የማይመልስ ከሆነ መልሱ ያ ነው።

የደም ግፊት መተግበሪያ በስልኩ የያዘ ሰው በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ ስልኩ ያሳየውን ቁጥር በክንድ ማሰሪያው ከተለካው ጋር ማስተያየት ይችላል። አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ካረፈ በኋላ ሁለት ጊዜ ቢለካ ይመረጣል። በጤና ጣቢያው የታዘዘን መድኃኒት በስልኩ ቁጥር ምክንያት ማቆም አይገባም። ሐሰተኛ ሆኖ ያገኘውን መሣሪያ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጥ አጠራጣሪ መድኃኒት ደግሞ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ደውሎ ማሳወቅ ይቻላል። ለዚህ ተራ ስልክ ይበቃል።